ሁለት ክፍል ልናድስ ነው፤ ስክሪን እንግዛ ወይስ ኮርኒስ እንሥራ?

የማራኪዋ መምህርት

ሰላም እናንተየ። ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የወላጅ ኮሚቴያችን ከሰፈሩ ሰውና ውጭ አገር ካሉ የቀድሞ ተማሪዎች ገንዘብ አሰባስቧል። ሁለት ክፍል ለማደስ ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም። ታዲያ ክርክሩ ጦፏል። ግማሹ ሰው «ዘመናዊ ክፍል ከተባለ ትልቅ ስክሪን ይገዛ፣ ግድግዳው በሥዕል ይሙላ» ይላል። ሌላው «አዲስ ደስክ ይበቃል» ባይ ነው። እኔ ደግሞ ከሁለቱም ኮርኒስና መስኮት ይቀድማል እላለሁ።

ክፍሉን ልንገራችሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። መስኮቶቹ ላሜራ ናቸው። ሲዘጉ ክፍሉ ይጨልማል። ሲከፈቱ ነፋሱ ደብተር ይገልጣል፣ አቧራውም ይገባል። ግድግዳው ቆሻሻ እንዳይታይበት ተብሎ እስከ ትከሻ ድረስ ጥቁር ቡናማ ዘይት ቀለም ተቀብቷል። ሰሌዳው ሲሚንቶ ላይ የተቀባ ጥቁር ቀለም ነው፤ መሃሉ ተፍቆ ያብረቀርቃል። ለሦስት ሰው በተሠራ ደስክ ላይ አራት ልጅ ይቀመጣል። ልጆቼ ከ60 በላይ ናቸው።

አሁን የጎንደርን ዝናብ አስቡት። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፤ እሱስ ደግ። ግን ሰኔ ላይ ልክ ፈተናው ሲደርስ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ልክ ትምህርት ሲጀመር ይዘንባል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም። በረዶ ሲቀላቀልበትማ ልጆቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ጠመኔዬን አስቀምጬ እስኪያባራ እጠብቃለሁ። የቃል ጽሕፈት እያስጻፍኩ መሃል ላይ የተቋረጠብኝ ጊዜ ብዙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመማሪያ ክፍል ያስቀመጠው ምክር አለ። ትምህርት እየተሰጠ ከውጭም ከውስጥም የሚመጣው ሌላ ጫጫታ በድምፅ መለኪያ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ የገደል ማሚቶውም በ0.6 ሰከንድ ገደማ ውስጥ እንዲጠፋ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዋቂ ሰው ከዓረፍተ ነገር መሃል አንድ ቃል ቢያመልጠው ገምቶ ይሞላዋል። ልጅ ግን ቃሉን ገና እየተማረው ነው፤ ከየት አምጥቶ ይሞላዋል? አንደኛ ክፍል ላይ «ጠ» እና «ተ» ሳይለይለት ያለፈ ልጅ አራተኛ ክፍል እኔ ጋ ሲደርስ በጽሕፈቱ አውቀዋለሁ።

ሌላም ልጨምር። እንግሊዝ አገር የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ27 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 153 ክፍሎችንና 3,766 ተማሪዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን አውጥተዋል። የልጆቹ የዓመት መሻሻል ከሚለያይበት ውስጥ 16 ከመቶው ከክፍሉ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው ብለዋል። ከዚህ ግማሽ ያህሉን የያዘው ምን መሰላችሁ? ብርሃን፣ ሙቀትና አየር። የእነሱ ክፍል ኮርኒስም መስታወትም ያለው ሆኖ ይህን ያህል ከተለያየ፣ የእኛ ስንት ይሆን?

እና ኮሚቴውን በምን ላሳምን? የግንባታ ሰው ካለ አሠራሩን ይንገረኝ። ተቃዋሚም ካለ ይምጣ።

ከባሕር ማዶ

መምህርት፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። እኔም ካዋጡት አንዱ ነኝ። ስክሪን ይገዛ ካሉትም አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ ሐሳቤን ልናገር።

ልጆቼ የሚማሩበትን ክፍል ሳይ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ጠረጴዛው ጎማ አለው፤ ሲያስፈልግ ክብ ይሠራሉ፣ ሲያስፈልግ በረድፍ ይደረደራሉ። አንዱ ጥግ ምንጣፍ ተነጥፎ ማንበቢያ ሆኗል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የሰውን ልብ፣ የፕላኔቶችን መዞር በተንቀሳቃሽ ምስል ያሳያል። የጎንደር ልጅስ ይህን ለምን ያጣል? ልብን በቃል ብቻ የተማረ ልጅና ሲመታ ያየ ልጅ እኩል አይደሉም። ኮርኒስ መሠራት ያለበት በመንግሥት በጀት ነው እንጂ እኛ ለልጆቹ መስኮት የሚከፍት ነገር እናምጣ ነው የምለው።

የፕላዝማ ዘመን ተማሪ

ወንድሜ፣ ቅንነትህን አልጠራጠርም። ግን እኔ ፕላዝማ የሚባለው የትምህርት ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃው ሲገባ፣ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ፣ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱ በሳተላይት ነበር የሚተላለፈው። መምህሩ «አንዴ ቁም» ሊለው አይችልም። ያልገባህን ለመጠየቅ እጅህን ስታወጣ ፕላዝማው ወደ ሚቀጥለው ርዕስ ሄዷል። ስክሪኑ እንዲታይ መስኮት ይዘጋል፤ ስለዚህ ደብተራችን ላይ የምንጽፈው በጨለማ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ክፍለ ጊዜው ራሱ ጠፋ ማለት ነው። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ የሚያየው የፊተኞቹን ጭንቅላት ነበር።

መሣሪያው መጥፎ ሆኖ አይደለም። የፊዚክስ ሙከራዎቹ ጥሩ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አይረሱኝም። ግን ክፍሉ ለመሣሪያው አልተዘጋጀም ነበር። ብርሃኑን የምትቆጣጠርበት መጋረጃ፣ ድምፁን የሚይዝ ጣሪያ፣ ሁሉም የሚያይበት አቀማመጥ ቀድሞ ካልተሠራ ስክሪኑ ብቻውን ምን ያደርጋል? ዛሬ ከኢንተርኔት ወርዶ ማቆምም መመለስም የሚቻል መሆኑ ትልቅ ለውጥ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን የስክሪኑም ድምፅ አይሰማም።

ፎርማኑ ከአዘዞ

መምህርት፣ ግንባታ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። የጠየቅሽውን ልመልስ።

መጀመሪያ ኮርኒስ ከማሰብሽ በፊት ቆርቆሮውን አስፈትሺ። ምስማሩ የዛገበት፣ ቀዳዳው የሰፋበት ቦታ ካለ ይቀየር። በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ መሥራት ብር መጣል ነው፤ በአንድ ክረምት አብጦ ይወርዳል።

ቀጥሎ የኮርኒሱ ዓይነት። አሁን ሰው ሁሉ ፒቪሲ ይወዳል፤ ያምራል፣ ይታጠባል፣ ቶሎ ይሠራል። ግን ቀላል ስለሆነ የዝናብ ድምፅ አይዝም። ድምፅን የሚይዘው ክብደት ነው። የጂፕሰም ቦርድ ወይም ወፈር ያለ ቺፕውድ ይሻላል። ከቆርቆሮው ጋር መጠጋት የለበትም፤ መሃሉ አየር ይኑረው። አቅም ካለ ከላይ የመስታወት ሱፍ፣ ከመስታወት ክር የሚሠራው፣ ቢነጠፍበት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ከሌለ ደግሞ ያለ እሱም ይሁን፤ ከባዶ ቆርቆሮ ጋር አይወዳደርም።

በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ የሠሩ ትምህርት ቤቶች አይቻለሁ። አቧራ ይይዝ ይሆናል፤ ድምፅ ግን አይቀንስም፣ አይጥ ይራባበታል፣ እሳት ቢነሳም አደገኛ ነው። ለልጆች ቤት እኔ አልመክርም።

ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መሃል ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። ከክፈፉ ሥር ክፍት ቦታ ትተሽ በሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ካልተሸፈነ የሌሊት ወፍ ይገባና ሽታው ክፍሉን ያስለቅቃል።

መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አትቀይሪው። የታችኛው ግማሽ ላሜራ ሆኖ ይቆይ፤ ኳስ አለ፣ ድንጋይም አለ። የላይኛው ግማሽ ተቆርጦ መስታወት ይግባበት። ሲዘጋም ብርሃን ይኖራል ማለት ነው። ይህን ማንኛውም ጎበዝ የብረታ ብረት ሠራተኛ ይሠራዋል።

ጊዜውን ደግሞ አትሳቱ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ካልተጀመረ ዝናቡ ጣሪያ ላይ ይይዛችኋል።

የማራኪዋ መምህርት

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ነበር የቸገረኝ። አንድ ጥያቄ ልጨምርልዎ፦ የጠዋት ፈረቃ ልጆች ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በብርድ ይንቀጠቀጣሉ፤ የከሰዓቶቹ ደግሞ መጋቢት ላይ በሙቀት ያንቀላፋሉ። ኮርኒሱ ይህን ይረዳል?

ፎርማኑ ከአዘዞ

በደንብ እንጂ። ቆርቆሮ ቀን ፀሐዩን ወደ ታች ይለቃል፣ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ኮርኒስ ሁለቱንም ያቋርጣል። ስለ መስኮቱ አቅጣጫ ግን ከእኔ የተማረ ሰው ይናገር።

ሥነ ሕንፃ የተማረው

ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ገደማ ላይ ነች። ስለዚህ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ላይ ያለ መስኮት ለመማሪያ ክፍል ተስማሚ ነው፤ ፀሐዩ ከፍ ስለሚል የጣሪያው ክፈፍ ብቻ ይከልለዋል። ችግሩ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት ነው። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባና ሰሌዳውን ታብለጨልጨዋለች፤ ልጆቹም ግንባራቸውን አኮማትረው ይቀመጣሉ። መምህርት፣ ክፍሎችሽ ረዥሙ ጎናቸው በየት በኩል ነው? በምዕራብ ከሆነ ውጭ ላይ በረንዳ ወይም ዛፍ ያስፈልጋል። መጋረጃ የመጨረሻው አማራጭ ነው።

የላይኛውን ግማሽ መስታወት ማድረጉን በጣም ወድጄዋለሁ። የቀን ብርሃን ወደ ክፍሉ ጠልቆ የሚገባው የመስኮቱ አናት ከወለሉ ባለው ከፍታ ልክ ሁለት፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። አናቱ 2.5 ሜትር ላይ ከሆነ 5 ወይም 6 ሜትር ድረስ ይደርሳል። መስኮት በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ማዶ ያሉት ልጆች ሁሌ ጨለማ ውስጥ ናቸው። በሁለቱም ወገን መስኮት ካለ አየሩም ተሻግሮ ይወጣል። ውጭ ያለው አየር ከሚሊዮን እጅ 420 ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። 60 ልጅ በተዘጋ ክፍል ሲቀመጥ ይህ ቁጥር ወዲያው ከሺህ ያልፋል። ራስ ምታቱና እንቅልፉ ከዚያ ይመጣል።

ያንን ጥቁር ቡናማ ቀለም ደግሞ አንሱልኝ። ነጭ ኖራ የወደቀበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ጥቁር ቡናማ ይውጠዋል። ኖራ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም፤ የፋሲል ግንብ ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው። ኮርኒሱና የግድግዳው ላይኛው ክፍል ነጭ ይሁን። ታችኛው ለመጥረግ ቀላል የሆነ ደብዘዝ ያለ ቀለም ይቀባ፤ የሚያብረቀርቅ ግን አይሁን።

እ.ኤ.አ. በ1999 ካሊፎርኒያ ውስጥ በወጣ ጥናት ብዙ የቀን ብርሃን ባላቸው ክፍሎች የተማሩ ልጆች፣ ትንሽ ብርሃን ካላቸው ይልቅ በአንድ ዓመት ውስጥ በሒሳብ 20 ከመቶ፣ በንባብ 26 ከመቶ ፈጥነው ተሻሽለዋል። ሰው ይህን ቁጥር ይወደዋል። ግን እነዚሁ አጥኚዎች በኋላ ፍሬስኖ ላይ ሲሞክሩት ያ ውጤት አልተደገመም። እዚያ ያዩት ነጸብራቅና በቀጥታ የሚገባ ፀሐይ ከዝቅተኛ ውጤት ጋር መሄዱን ነው። ዝም ብሎ መስኮት ማብዛት አይደለም፤ ብርሃኑ ለስላሳ ሆኖ እንዲገባ ማድረግ ነው ጥበቡ።

ለኮሚቴው አንድ ምሳሌ ከፈለግሽ ቡርኪና ፋሶን ጥቀሺላቸው። ፍራንሲስ ኬሬ የተባለው የዚያ አገር ልጅ ጋንዶ በምትባል የትውልድ መንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው ያለቀው። ግድግዳው ተጨምቆ ከተሠራ የአፈር ጡብ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግን ከጡብ ኮርኒሱ በላይ ራቅ ብሎ በብረት ተሰቅሏል። ሞቃቱ አየር በመሃል ይወጣል፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ይሆናል። የመንደሩ ሰው ራሱ ነው የገነባው። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 ትልቁን የሥነ ሕንፃ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ሲያገኝ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። ያ ክፍል ዘመናዊ ነው፤ ሲጀመር አንድም ስክሪን አልነበረበትም።

እውነቱን እንነጋገር

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ሁሉ አልስማማም። አንድ ክፍል ውስጥ 60 እና 70 ልጅ አስቀምጦ ስለ ኖራ ቀለም ማውራት ምን ማለት ነው? በትምህርት መመዘኛችን አንደኛ ደረጃ በክፍል 50 ነው የሚለው። መጽሐፍ ለሦስት ልጅ አንድ ነው። መምህሩ በደመወዙ ወሩን አይጨርስም። በክልላችን በሰላም እጦት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስንት ልጅ ከቤት ዋለ! ልጄን የሚያስተምረው ግድግዳ አይደለም፣ መምህር ነው። የቀደሙት አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ተምረው ሊቅ ሆነዋል።

የማራኪዋ መምህርት

ወንድሜ፣ ያነሳሃቸው ሁሉ እውነት ናቸው። እኔም ሌሊት የማስበው ስለ እነሱ ነው። ግን ይህ ገንዘብ ደመወዝ አይጨምርም፣ መጽሐፍ አያሳትምም፣ ሰላም አይገዛም። ሁለት ክፍል ማደስ ግን ይችላል።

ደግሞ የልጅ ብዛትና የክፍል አሠራር አይነጣጠሉም። በኮሮና ጊዜ፣ በ2013፣ ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው በፈረቃ ሲመጡ ያየሁትን ልንገርህ። በደስኮቹ መሃል መተላለፊያ ተገኘ። ያኔ እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ ሄጄ ደብተር አየሁ። በሌላ ጊዜ ከፊት ካለው ጠባብ ቦታ አልወጣም፤ መግቢያ የለማ! የትምህርት ተመራማሪዎች ከድሮ ጀምሮ የሚሉት ነገር አለ፤ መምህር ብዙ የሚጠይቀውና ብዙ የሚያየው ከፊትና ከመሃል የተቀመጡትን ነው። ኋላና ጥግ ያሉት ይረሳሉ። እኔ እንዳልረሳቸው እፈልጋለሁ፤ እግሬ ግን አይደርስም።

ስለዚህ 60 ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥም ቢሆን ደስኮቹ በሁለት ረድፍ ተገፍተው መሃሉ ሰፋ ያለ መንገድ ቢሆን ለውጥ አለው። ከኋላ ያለው ልጅ ስሙ ይጠራል። ልጅ በበዛ ቁጥር ነው ድምፅና አየር ይበልጥ የሚያስፈልገው። 20 ልጅ ያለበት ክፍል ዝናቡን በጩኸት ያልፈው ይሆናል፤ የእኔ አያልፈውም።

የበዓታ ደጅ ልጅ

«በዛፍ ሥር ተምረው» ስለተባለው እኔም ቃል አለኝ። የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ተምሬ ዛሬ መምህር ነኝ።

የአብነት ትምህርት ቤት ቦታ አይመርጥም የሚለው ሰው ገብቶ አላየውም። ቅኔ ቤት ብትሄዱ የኔታ ቅኔውን ሲነግሩ ተማሪው ዙሪያቸውን ይቀመጣል፤ ሁሉም ፊታቸውን ያያል፣ ሁሉም ድምፃቸውን ይሰማል። ከዚያ ቅኔ ለመቁጠር፣ ማለት የራሱን ቅኔ ለማዘጋጀት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይሄዳል፤ ጫካ ሥር፣ መቃብር ቤት አጠገብ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ኩርምት ይላል። ማታ ደግሞ ተመልሶ ለመምህሩ ያሰማል። እዚህ ጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን ለአቋቋም፣ ለዝማሬና ለሽብሸባው ትምህርት፣ የመጣ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይማርም፤ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ቆሞ፣ በሰውነቱ እየወዘወዘ ነው። የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል።

ልብ በሉ፤ ለሚሰማ ትምህርት አንድ ዓይነት ቦታ፣ ለሚታሰብ ሌላ፣ ለሚዜም ሌላ። የዘመኑ ተመራማሪዎችም ስለ አቀማመጥ የደረሱበት እንዲሁ ነው። ልጅ ለብቻው የሚሠራው ሥራ ካለው በረድፍ መቀመጥ ይሻለዋል፤ አብሮ መወያየት ካለበት ክብ ወይም ቡድን ይሻላል። ሥራው ነው አቀማመጡን የሚወስነው። ዛፉማ አየር፣ ብርሃንና ጸጥታ ነበረው፤ እነዚህን ሦስቱን ነው እኮ ቆርቆሮው ቤት ያጣው።

እውነቱን እንነጋገር

ይህን አልክድም። መጽሐፉ ግን አይረሳ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት

ግድግዳውን በሥዕል እንሙላ ለምትሉ አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም እኛ የኬጂ መምህራን ይህን በጣም እናበዛዋለን። ፊደል፣ ቁጥር፣ አንበሳ፣ ፍራፍሬ፣ የተንጠለጠለ ወረቀት፤ አንድም ባዶ ቦታ አይቀርም። ወላጅ ሲመዘግብ ደስ ይለዋል።

አሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አለ። 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አንዴ በሥዕል በተሞላ፣ አንዴ ባዶ በሆነ ክፍል አስተማሯቸው። በተሞላው ክፍል ልጆቹ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ዋለ። ከጥያቄዎቹ በትክክል የመለሱት 42 ከመቶ ነው፤ ባዶው ክፍል ውስጥ 55 ከመቶ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ እኔ ግን በየቀኑ የማየው ይህንኑ ነው።

ባዶ እስር ቤት ይምሰል አልልም። የሳልፎርዱ ጥናትም መካከለኛ ይሁን ነው የሚለው። ሰሌዳው ያለበት ግድግዳ ንጹሕ ይሁን። የሚለጠፍ ካለ የኋላው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከገበያ ከተገዛ ፖስተር ይልቅ የልጆቹ የራሳቸው ሥራ ይሁን። ልጅ የራሱን ጽሕፈት ተሰቅሎ ሲያይ ክፍሉ የእሱ ይሆናል። ወር ሲያልቅ ይቀየር።

የሁለት ልጆች እናት

መምህርት፣ የኔ ትልቁ ልጅ ጆሮው ይከብደዋል። መሣሪያ የለውም፤ የሚማረው የመምህሩን አፍ እያየ ነው። አንድ ዓመት መምህሩ ሁልጊዜ መስኮት ፊት ቆሞ ነበር የሚያስተምረው። ብርሃኑ ከኋላው ስለሚመጣ ፊቱ ጥላ ነው፤ ልጄ ምንም አያይም። «ሰነፍ ነው» ተባለ። እኔም ልጄን ገሠጽኩት። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መምህር መጡ። ቆመው የሚያስተምሩት ብርሃን ፊታቸው ላይ በሚያርፍበት በኩል ነው። ልጁ ሌላ ልጅ ሆነ።

እባክሽ ክፍሉን ስታድሱ መምህሩ የሚቆምበትን ቦታ አስቡበት። ሰሌዳው መስኮት አጠገብ አይሁን። የክፍሉ ድምፅ ሲስተካከል ደግሞ በደንብ ከሚሰማው ልጅ ይልቅ የሚጠቀመው የኔ ዓይነቱ ልጅ ነው። እሱ ከዝናብም በላይ የወንበር መጎተት ይረብሸዋል። የደስኩ እግር ሥር የመኪና ጎማ ቁራጭ ቢመታበት ስንት ብር ነው?

አንድ ደግሞ፤ የጎረቤቴ ልጅ በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የክፍሉ ደጃፍ ሁለት ደረጃ ስላለው ጓደኞቿ ተሸክመው ነው የሚያስገቧት። አድጋለች፤ ታፍራለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ መሸከም እስከ መቼ?

ሥነ ሕንፃ የተማረው

እናቴ፣ የተናገሩት ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ የሚጻፍ ነው። መወጣጫውን ልመልስ። መለኪያው 1 ለ12 ነው። ደረጃው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው መወጣጫው 3.6 ሜትር ይረዝማል። ከዚያ ካጠረ ልጅቷ ብቻዋን መውጣት አትችልም፤ ለይስሙላ ተሠርቶ የሚቀር ብዙ አለ። በሩም ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይከፈት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር አካል ጉዳተኞችን ባካተተ ትምህርት ላይ ይሠራል። መምህርት፣ ኮሚቴው እዚያ ሄዶ ምክር ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ቲቸር፣ እኔ ከመጨረሻው ረድፍ ነው የምቀመጠው። ሰሌዳው ስለሚያብረቀርቅ ከግራ በኩል ያለነው ልጆች ጽሑፉ አይታየንም፤ ከጓደኛ ደብተር ነው የምንገለብጠው። የሚያሳስበን ሰሌዳው ነው። እና ደግሞ ለሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ ይኑር። ክፍሉ ቢያምር ምን ይሆናል፣ በወር ውስጥ ስንት ቀን ከቀረን?

የማራኪዋ መምህርት

የኔ እናት፣ ደግ አደረግሽ ተናገርሽ። የውሃውን ነገር ኮሚቴው ላይ በስሜ አነሳዋለሁ። የእኛም ሰሌዳ ብርሃን በማይመልስ ጥቁር ቀለም እንደገና ይቀባል፤ እሱ ርካሹ ሥራ ነው።

ከባሕር ማዶ

ሁሉንም አነበብኩ። የእናትየው ቃል ልቤን ነካው። እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። እኔና እዚህ ያለነው ጓደኞቼ ያዋጣነው ለኮርኒሱና ለመስኮቱ ይዋል። ስክሪኑን አልተውኩትም። ለሁለቱ ክፍል ሁለት ከመግዛት ይልቅ በኋላ አንድ ፕሮጀክተር ገዝተን፣ በባትሪ እንዲሠራ አድርገን፣ በየክፍሉ እየዞረ ይታይ። ቪዲዮዎቹንም በአማርኛ የተዘጋጁትን እየፈለግን አውርደን እንልካለን። እንዲህ ከሆነ መምህሩ ያቆመዋል፣ ይመልሰዋል። ግን ለዚህ ሲባል አሁኑኑ ኮርኒሱ ሳይዘጋ የኤሌክትሪክ ሽቦው ይዘርጋ፤ በኋላ መቅደድ እንዳይመጣ።

ስለ ክፍት አዳራሽም አንድ ነገር ልጨምር፤ ከኮሚቴው አንድ ሰው በሁለቱ ክፍል መሃል ያለው ግድግዳ ፈርሶ ሰፊ ይሁን ብለው ነበር። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ግድግዳ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች በብዛት ተሠርተው ነበር። ጫጫታው አላስተምር ስላለ ብዙዎቹ ግድግዳቸውን መልሰው ሠሩ። እባካችሁ ግድግዳው ይቆይ።

ፎርማኑ ከአዘዞ

ሽቦው ቀድሞ ይግባ የተባለው ልክ ነው። ቱቦው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ልስኑ በላዩ ይሁን። ጎማውን በተመለከተ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ ከጫማ ሠሪዎች ይገኛል፤ በሁለት ምስማር ይመታል። እኔ ራሴ መጥቼ አሳያለሁ፤ የምጠይቀው ዋጋ የለም።

የማራኪዋ መምህርት

ጋሼ፣ ምን ልበልዎ! እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ይዤው የምገባው ይህ ነው፦ ቆርቆሮው ይፈተሽ፣ ሽቦ ይግባ፣ የጂፕሰም ኮርኒስ ይሠራ፣ የመስኮቱ ላይኛ ግማሽ መስታወት ይሁን፣ ቡናማው ተፍቆ ኖራ ይቀባ፣ ሰሌዳው ይታደስ፣ ደጃፉ መወጣጫ ይኑረው። ክፍሎቹ በደቡብና በሰሜን በኩል መስኮት እንዳላቸው ዛሬ አይቼ አረጋግጫለሁ። ከተረፈ ደስክ።

ስለ ደስኩ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አናጢው «ለሁሉም አንድ ልክ ነው የምሠራው» ይላል። የእኔ ልጆች ግን ግማሾቹ እግራቸው መሬት አይነካም።

ሥነ ሕንፃ የተማረው

አንድ ልክ አይሆንም። የእግር መዳፍ ሙሉ በሙሉ መሬት ይንካ፣ ጉልበት በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይታጠፍ፣ ጠረጴዛው ደግሞ ክንድ ሲታጠፍ ክርን ጋ ይድረስ። የአውሮፓው መለኪያ ቁመታቸው ከ119 እስከ 142 ሴንቲ ሜትር ለሆኑ ልጆች መቀመጫው 35፣ ጠረጴዛው 59 ሴንቲ ሜትር ይሁን ይላል። ከ133 እስከ 159 ለሆኑት መቀመጫው 38፣ ጠረጴዛው 64። አራተኛ ክፍል ላይ ሁለቱም ዓይነት ልጅ አለ። ልጆቹን ግድግዳ ላይ አቁመሽ ለኪያቸው፤ ስንቱ ከየትኛው እንደሚሆን ቁጥሩን ለአናጢው ስጪው። መቀመጫና ጠረጴዛው የተያያዘ ደስክ ከሆነ ደግሞ ርቀቱ እንዳይሰፋ፤ ልጁ ሳያጎነብስ እንዲጽፍ የመቀመጫው ጫፍ ከጠረጴዛው ጫፍ ሥር ትንሽ ይግባ።

የማራኪዋ መምህርት

ነገ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጋር አያይዤው ራሳቸው እርስ በርስ እንዲለካኩ አደርጋለሁ። ሴንቲ ሜትር ላይ ነን ያለነው።